መምሬ ዘለቀ ጾም አልገደፉም

ይህን የምጽፈው በአንድ ምክንያት ነው። ደባርቅ ውስጥ አንድ ካህን በዓቢይ ጾም መካከል ጾም እንደ ገደፉ፣ ለዚህም የገዛ ፊታቸው እንደ መሰከረባቸው እስከ ዛሬ ይነገራል። ነገሩ ሐሰት ነው። ፊታቸው የመሰከረው ሌላ ነገር ነበር። ያንን ምስክርነት ማንበብ የእኔ ሥራ ነበር፤ አላነበብሁትም። ካህኑን መምሬ ዘለቀ እላቸዋለሁ፤ እውነተኛ ስማቸው አይደለም። እንዲጻፍ የፈቀዱት ግን እርሳቸው ናቸው። በከተማው የኖረ ሰው ማን እንደ ሆኑ ያውቃል፤ እንዲያውቅም እፈልጋለሁ።

ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ ነው። ስምንት ዓመት መድኃኒት ሳድል ኖሬ ሥራውን ለቅቄአለሁ። የሥራ ዘመንን ትዝታ መጻፍ የጡረተኛ ወግ መሆኑን አላጣሁትም። ሆኖም ከሙያ የሚወጣ ሰው፣ ወጣትም ይሁን ሽማግሌ፣ የያዘውን አስረክቦ መውጣት አለበት። ዕቃውን በሰነድ ቈጥሬ አስረክቤአለሁ። ይህ በሰነዱ ያልሰፈረው ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ ዳባት ነበር። የመድኃኒት ማደያ ክፍሉ ጠባብ ነበረ፤ አንዱ መስኮት ወደ ሕመምተኛው፣ ሌላው ወደ ባሕር ዛፎቹ ይከፈታል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና በወር ለአንድ መጽሐፍ ይበቃ ነበር። ክፍሉን የሚመሩት እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ፣ ለጡረታ አራት ዓመት የቀራቸው፣ መነጽራቸውን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ያሰሩ ሴት ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ሳነብ አግኝተው ምንም አላሉኝም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ገበሬ መስኮቱ ላይ ቆሞ ሳላየው ቀረሁ። ያን ጊዜ መጽሐፌን በእጃቸው ዘጉና፣

«እሱ ይቆይልሃል፤ ሰውየውን ግለጠው» አሉኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ በቆዳ ሕመም ላይ የተለየ ትጋት ነበራቸው። ቆዳ ሰውን አይገድልም እየተባለ በየቦታው ችላ እንደሚባል ያውቁ ነበር። በተለይ ዕድሜው ከሃያ አምስት ያለፈ ሰው በድንገት ብጉር ሲወጣበት እጅግ ይጠነቀቃሉ። «የልጅ ብጉር የቤት ልጅ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይወጣል» ይሉ ነበር። «የትልቅ ሰው ብጉር ግን እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ የመጣበት መንገድ አለው። መንገዱን ሳትጠይቅ ቅባት አትስጥ።»

መንገዱን የሚጠይቁበት ሥርዓት ነበራቸው። ከመደርደሪያው ሥር አፉ ሰማያዊ የሆነ፣ ጠርዙ የተላጠ ነጭ የብረት ሳሕን ያስቀምጣሉ። ብጉር የወጣበት ትልቅ ሰው ሲመጣ ሳሕኑን አውጥተው መስኮቱ ላይ ያኖሩና ይናገራሉ፤ አነጋገራቸው ለሁሉም አንድ ነበር። «ከሦስት ወር ወዲህ የዋጡትን፣ የተወጉትን፣ የተቀቡትን፣ ራስዎ ላይ ያኖሩትን ሁሉ እዚህ ያኑሩልኝ። እዚህ የሌለውን ቤት ሄደው ያምጡ።» ሰዎች ይሥቃሉ፤ ከዚያ ያመጣሉ። በላስቲክ የተጠቀለለ የራስ ቅቤ፣ የቫዝሊን ቆርቆሮ፣ ከመተማ የመጣ የፊት ማንጫ ቅባት፣ የተፈረከሰ ኪኒን፣ ስሙን ባለቤቱ የማያውቀው ሥር። ሰውየው ጨረስሁ ሲል «ሌላስ?» ይላሉ። የለም ይላል። እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ያደርቃሉ፤ ይመለሱና «ሌላስ?» ይላሉ። የለም ይላል። መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ በነጠላቸው ይወለውላሉ። «ሌላስ?»

አንድ ቀን ለምን ሦስት ጊዜ እንደሚጠይቁ ጠየቅኋቸው።

«በመጀመሪያው ለጨዋነት ያህል ይመልስልሃል። በሁለተኛው ያስብልሃል። የሚያሳፍረው ነገር የሚወጣው በሦስተኛው ነው» አሉኝ።

በዳባት ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ ከድር የሚባል የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው አስታውሳለሁ። ግንባሩ በሁለት ወር ውስጥ እንደ ኮረት ሜዳ ሆኖ መጣ።

«እትዬ፣ ገበያተኛው ሁሉ ሁለተኛ ሊያገባ ነው እያለ መሣቂያ አደረገኝ» አላቸው።

«ታገባለህ?»

«የመጀመሪያዋን መቼ ቻልሁና።»

ሳሕኑ ወጣ። ከድር ሳሙናውን አኖረ፤ የራስ ምታት ኪኒን አኖረ። በሦስተኛው «ሌላስ» ላይ ግራና ቀኝ ተመለከተና ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። ጠጕሩ መሳሳት ስለ ጀመረ አንድ ወዳጁ ያመጣለትን ዘይት ጧት ጧት ራሱን እያሸ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ይውላል። ብጉሩ የወጣው ልክ የኮፍያው ጠርዝ በሚያርፍበት መስመር ላይ ነበር። ዘይቱን ተወ፤ ኮፍያውን አጠበ፤ ፊቱን በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እንዲታጠብ፣ እንዳያፈርጠው፣ ስድስት ሳምንትም እንዲታገሥ ተነገረው። በሰባተኛው ሳምንት ንጹሕ ግንባሩን ይዞ መጣ። ጠጕሩ ግን አልተመለሰም።

ሁለተኛው ሰው ከጊች የወረደ ገብስ አራሽ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት መውሰድ ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ ሲሆን ደረቱና ጀርባው በብጉር ተሞላ። ጎረቤቶቹ መድኃኒቱ መርዝ ሆኖበት ነው ብለውት ነበር። ያን ዕለት ሳሕኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱንም ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከሚወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ በእርግጥ እንዲህ ያለ ብጉር እንደሚያመጣ አንብቤ ነበርና ኮራሁ። «ተገኝቷል፤ እንግዲህ ይተወው» ማለት ስጀምር እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን ደብተሬ ላይ አኖሩ። ገበሬውን ብጉሩ እንደሚያልፍ፣ መድኃኒቱን ግን አንድ ቀን እንኳ እንዳያጓድል አስረድተው ሸኙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምክንያቱን ማግኘት አንድ ሥራ ነው። ምክንያቱን ማንሣት ሌላ ሥራ ነው። ያስቸገረህ እንጨት ምሰሶው ቢሆንስ? ነቅለህ ትጥለዋለህ?»

ይህን በደብተሬ ጻፍሁት። ዛሬም እዚያው አለ፤ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ያልፈታናቸውም ነበሩ። አንዲት አስተማሪ አገጯ ላይ ጠጣር ብጉር ወጥቶባት፣ የወር አበባዋም ተዛብቶ መጣች። እትዬ የሴት ሆርሞን ነገር ሳይሆን አይቀርም ብለው ጎንደር ወዳለ ሐኪም ላኳት። ሳሕኑ ባዶውን ተመለሰ፤ ልጅቷም ተዛወረችና መጨረሻውን አልሰማንም።

አራት ዓመት ከእርሳቸው ጋር ሠራሁ። ጡረታ በወጡ በወሩ እኔም ደባርቅ የግል ፋርማሲ ተቀጠርሁ። ሽኝት አላደረጉልኝም፤ ሳሕኑን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ቤቴ ቢገባ ሽሮ ይሰፈርበታል» አሉ።

ደባርቅ ብርዷ ከዳባት ይብሳል። የፋርማሲው ባለቤት ጎንደር ስለሚኖር ቤቱን የምንጠብቀው ገንዘብ ተቀባይዋ ብርቱካንና እኔ ነበርን። ብርቱካን ምላሷ የማያርፍ፣ ልቧ የቀና ሴት ናት። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን መደርደሪያው ይራቆታል፤ ሲከፈት ይሞላል። ሳሕኑን ከባንኮው ሥር አኖርሁት፤ ሦስት ዓመት ያለ ማጓደል አወጣሁት። የቱሪስት በቅሎ የሚጭኑ ሰዎች፣ አናጺዎች፣ የሆቴል አስተናጋጆች፣ አንድ ጊዜም የከተማው የታወቀ ሽማግሌ ኪሳቸውን አራግፈውበታል። ያልወጣው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

መምሬ ዘለቀ የነፍስ አባቴ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ትንሽ ያለፈ፣ ቀጭንና ረጅም፣ ድምፃቸው ከቅጽሩ ውጭ የሚሰማ ቀዳሽ ነበሩ። በየወሩ ወደ ተከራየሁበት ቤት ይመጡ ነበር። ጸሎት ካደረሱ በኋላ ይቀመጡና፣ «እህ ልጄ፣ ምን አለ?» ይላሉ። የምናገረውን እናገራለሁ። «ሌላስ?» ይላሉ። የለም እላለሁ። መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራሉ። «ሌላስ?» ሁለት ሰዎች በሁለት ሙያ አንዱን ጥያቄ እንዲህ ሲጠይቁ መስማቴ ይገርመኝ ነበር። ለእትዬ ጥሩወርቅም በስልክ ነግሬአቸው፣ «እንግዲያ እሳቸውም የእንግዳ መንገድ ያውቃሉ» ብለው ሥቀዋል።

በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ መምሬ ዘለቀ ወደ ፋርማሲው ገቡ። ነጠላቸው እስከ ዓይናቸው ድረስ ተጠምጥሟል። ብርቱካን ተነሥታ መስቀል ተሳለመች። እርሳቸውም ወትሮ ራሷ ላይ እንደሚያሳርፉት ሳይሆን ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ አሳለሟት። ከዚያ ወደ እኔ ቀርበው ነጠላቸውን ከጉንጫቸው ትንሽ ገለጡ።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር ወጣብኝ። በዚህ ዕድሜዬ።»

ጉንጫቸውና ግንባራቸው ላይ ቀያይ ብጉር ነበር። ሁሉም መጠኑ አንድ ዓይነት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የወጣ ይመስላል። እንዲህ ያለ አንድ ወጥ ብጉር በትልቅ ሰው ላይ ሲታይ የመጀመሪያው ጥርጣሬ መድኃኒት መሆን እንዳለበት አውቅ ነበር። እጄ ወደ ሳሕኑ ወረደ። እዚያ ላይ ቆመ።

የቆመበትን ምክንያት ሳልሸፋፍን ልናገር። ጾም ነው። በከተማው ሕዝብ ዘንድ ብጉር የቅባትና የቅቤ ልጅ ነው፤ ፊት የሚያወጣው ሆድ የገባውን ነው ይባላል። ካህኑም ይህን ያውቃሉ፤ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው የጠመጠሙት ስለዚህ ነው። እንግዲህ እኔ፣ የንስሐ ልጃቸው፣ በጾም ቀን፣ ሴት በቆመችበት፣ «አባቴ፣ ምን ዋጡ?» ልበላቸው? ጥያቄው ከአፌ ሳይወጣ ክስ ሆኖ ታየኝ። ኃጢአቴን ሁሉ የሚያውቅን ሰው በባንኮው ማዶ አቁሜ መመርመር ድፍረት መሰለኝ። ስለዚህ ድፍረት የማይሆነውን ጥያቄ መረጥሁ።

«አባቴ፣ ለብርዱ ቫዝሊን ይቀባሉ?»

ነጠላቸውን መለሱት። «አዎ፣ ጧት ጧት እቀባለሁ።»

«እሱ ይሆናል። ይተዉት።»

ለብጉር የሚሆነውን የታወቀ ቅባት ሰጠኋቸው፤ በጥቂቱ እንዲቀቡ፣ እንዳይነካኩት፣ እንዲታገሡ ነገርኋቸው። የሰጠሁት ምክር አንዱም ስሕተት አልነበረም። አመስግነው ወጡ። ብርቱካን ወደ ባንኮው ሥር አየችና፣

«ዛሬ ሳሕኑ ጾመኛ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ቀጥሎ የቆመውን ሰው ጠራሁ።

በጾሙ አራተኛ ሳምንት ወሬው ወደ ፋርማሲው ደረሰ። ያመጣችው ብርቱካን ናት። ያን ቀን ግን አልቀለደችም።

«መምሬን ምን እንደሚሏቸው ሰማህ?»

«አልሰማሁም።»

«ሰው ሁሉ በጾም ሲከሳ የእሳቸው ጉንጭ ሞላ ይላሉ። ቅቤው በብጉር ወጣ ይላሉ። ትላንት አንዲቷ፣ ለእኛ እየከለከሉ እሳቸው የፍስኩን ድስት ያወጣሉ ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።»

«ሐሜት ነው።»

«ሐሜት መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። አንተ ምንድን ነው የምትለው? ባለ መድኃኒቱ አንተ ነህ።»

ወደ መደርደሪያው ዞሬ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጦች መደርደር ጀመርሁ። ጉንጭ መሙላትና አንድ ወጥ ብጉር አብረው ሲመጡ ስማቸው ምን እንደ ሆነ አንብቤአለሁ። ያን ጊዜ አልመጣልኝም አልልም፤ መጥቶልኛል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን መድኃኒት ማን ያዘዘላቸዋል፣ ቢታዘዝላቸውስ ይነግሩኝ ነበር ብዬ አሳለፍሁት። ያልጠየቅሁትን ሰው አልነገረኝም ብዬ ፈረድሁበት ማለት ነው።

በደብረ ዘይት ማግስት፣ ሰኞ፣ ተመልሰው መጡ። ፊታቸው ክብ ሆኗል። ብጉሩ ወደ አንገታቸው ወርዷል። ብርቱካን አይታቸው ውሃ ላመጣ ብላ ወጣች፤ ብቻችንን እንድንሆን ብላ እንደ ነበር ኋላ ነገረችኝ።

«ልጄ፣ ደረቴም እንዲሁ ሆኗል። ልግለጥልህ?» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ።

«አያስፈልግም፣ አባቴ።»

እጃቸው በነጠላው ጫፍ ላይ ቆየ። «ሰው ያየኛል። ሥጋ ወደሙን ይዤ ስወጣ ጉንጬን ነው የሚያየኝ።»

አዘንሁ። አዝኜም ከማይጠይቅ ሰው የሚወጣውን ቃል ተናገርሁ። «አባቴ፣ ምን እንደ ሆነ እንዲነግሩኝ አላስቸግርዎትም። ግን ሌላ የሚወስዱት ነገር ካለ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት።»

ትክ ብለው አዩኝ። የሚጠብቁት ነገር እንዳለ ፊታቸው ይናገር ነበር።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እሺ ልጄ። እንዳልኸው።»

ቀኖና የሰጡኝን ሁሉ ሳልከራከር እንደምፈጽም ያውቁ ነበር። እርሳቸውም የእኔን ቃል እንዲሁ ተቀበሉ።

የዚያኑ ሳምንት ዓርብ በቅዳሴው ነበርሁ። በጾም ቅዳሴው ቀን ይገባና ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ይወጣል፤ ቀዳሾቹ እስከዚያ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። መምሬ ዘለቀ ከወትሮው ይልቅ ድምፃቸው ሳስቷል። ስምንት ሰዓት እንዳለፈ አንዱን ቃል ጀምረው አልጨረሱትም። ሕዝቡ ተሰጥዎውን ሊመልስ ተዘጋጅቶ ጠበቀ። ከመጋረጃው ውስጥ የዕጣኑ ጽና መውደቅ ተሰማ። ዲያቆናቱ ይዘዋቸው ሲወጡ ከንፈራቸው ነጭ፣ ልብሳቸው በላብ የራሰ ነበር። ከኋላዬ አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ «ቁርባኑ ጣላቸው» አለ። አጠገቡ የነበረው «አላልሁህም?» አለው። ዞሬ አላየኋቸውም፤ ወደ መምሬ ሄድሁ።

ባጃጅ ጠርተን ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዴ የመምሬን ዳዊት በማኅደሩ እንዳለ ትከሻቸው ላይ አንግተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ተረኛዋ ሐኪም የደም ግፊታቸውን ለካች፤ እንደገና ለካች።

«ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«ምንም። የፊት ቅባት ብቻ ነው፤ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አልሁ።

ወይዘሮ ውዴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ጠይቀሃቸዋል?»

ማኅደሩን ከትከሻቸው አወረዱ። ከቆዳውና ከመጽሐፉ መካከል እጥፋቱ የሳሳ የሐኪም ማዘዣ አወጡ፤ ከዚያም ሁለት ቅጠል ኪኒን፣ አንዱ እስከ ግማሹ ያለቀ። ለገና ሰሞን ጉልበታቸው አብጦ ጎንደር ያየቻቸው ሐኪም ለአሥር ቀን ብቻ ያዘዘችው ፕሬድኒሶሎን የሚባል እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ነበር። በአሥሩ ቀን ጉልበታቸው ታጠፈ፣ ተዘረጋ፤ ቅዳሴውን እንደ ወጣትነታቸው ቆሙ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ወረቀት ጎንደር ከሚመላለስ ሹፌር ጋር እየላኩ አስመጡት፤ ዕለት ዕለት ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከእህል ጋር፣ ይውጡ ነበር። ብጉሩን ያመጣው እርሱ ነው። ጉንጫቸውን የሞላው እርሱ ነው። ረኀባቸውንም እጥፍ አድርጎባቸው ኖሯል፤ በዚያ ረኀብ አንድ ቀን ጾማቸውን አላጓደሉም።

ወራት የተወሰደ እንዲህ ያለ መድኃኒት በአንድ ቀን አይቆምም። አካል ራሱ ማመንጨት የሚገባውን ትቶ ኪኒኑን መጠበቅ ይለምዳል፤ ድንገት ሲቀርበት፣ በተለይም ሳይበላና ሳይጠጣ የቆመ ሰው፣ ይወድቃል። ሊሞትም ይችላል። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ምሰሶውን ነቅዬው ነበር፤ ምሰሶ መሆኑንም ሳልጠይቅ።

ሐኪሟ የጐደለውን በመርፌና በግሉኮስ መለሰችላቸው። ከመምሸቱ በፊት ተቀምጠው ውሃ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ በወራት ቀስ እያለ እንዲቀንስ ተደረገ። በሰኔ ፊታቸው ጠራ፤ ጉንጫቸውም ወደ ልኩ ተመለሰ። ወሬው ግን አልተመለሰም። ሰው የሚያስታውሰው የወደቁበትን ቀን ነው። እኔ ላገኘሁት ሁሉ ተናገርሁ፤ የሰሙኝም በትሕትና ፈገግ አሉ። «ለነፍስ አባቱ ይከራከራል፤ ደግ ነው» አሉኝ። ልጅነቴ ምስክርነቴን ሻረው። ከደብሩ ያባረራቸው የለም። የንስሐ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ሌላ አባት ያዙ፤ ጉልበታቸውም ያለ ኪኒኑ ቅዳሴ የማይቆም ሆነ። በነሐሴ መጨረሻ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ አምቢኮ ለመሄድ ዕቃ አሰሩ።

ከመሄዳቸው በፊት ቤታቸው ሄድሁ። ሳሕኑን ይዤ ነበር፤ ለምን እንደ ያዝሁት እንኳ በውል አላውቅም። ነገሩን ሁሉ፣ የእትዬ ጥሩወርቅን ሥርዓት ጨምሮ፣ ነገርኋቸው። ሳሕኑን ተቀብለው ጠርዙን በጣታቸው ዳበሱት።

«ሦስት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ፣ አባቴ።»

«ይኸን አውጥተህልኝ ቢሆን፣ በመጀመሪያው የለም እልህ ነበር። በኪኒን ጉልበት ቆሞ መቀደስ አሳፍሮኝ ነበርና። በሁለተኛውም የለም እላለሁ። አንተስ ሁለት ጊዜ የለም ትለኝ የለም?» ጥቂት ሣቁ። «በሦስተኛው አወጣው ነበር። እኔም እንዳንተው ሰው ነኝ፣ ልጄ።»

«ይፍቱኝ፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ደረቴን ልገልጥልህ ስል አያስፈልግም አልኸኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ሁለታችንም ደስ አለን። ጥፋቱ እሱ ነው።» ሳሕኑን መለሱልኝ። «ጻፈው። ስሜን ለውጠህ ጻፈው። ግን እንደ ለቅሶ አታድርገው፤ ሌላ ሰው እንዲሠራበት አድርገህ ጻፈው።»

በመስከረም ሥራዬን ለቀቅሁ። ማንም አልከሰሰኝም፤ ብርቱካንም እንዳልሄድ ለምናኛለች። አሁን መድኃኒት የሚያድሉ ወጣቶችን አስተምራለሁ። ለትልቅ ሰው ብጉር መንገዶቹ ብዙ መሆናቸውን፣ ቅባት፣ ሆርሞን፣ መድኃኒት፣ ጭንቀት፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ የማይታወቅ ነገር ሊሆን እንደሚችል እነግራቸዋለሁ። ይህን ግን መጽሐፍም ይነግራቸዋል። መጽሐፍ የማይነግራቸውን በሳሕኑ አስተምራለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ እጅግ የሚያፍረውን ሰው፣ አባቱን ይሁን አማቱን ወይም የነፍስ አባቱን፣ በልቡ መርጦ፣ ያን ሰው ፊቱ እንደ ቆመ አድርጎ፣ ሦስት ጊዜ እንዲጠይቅ አደርጋለሁ። በመጀመሪያ ይሥቃሉ። ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ ሦስተኛውን መጠየቅ እስኪችሉ ድረስ አላሳልፋቸውም። አንዱ በሦስት ሳምንት ቻለ፤ አንዷ ሁለት ወር ፈጀባት። እጠብቃቸዋለሁ። ከእነርሱ አንዱም ከማፈር የተነሣ «ሁሉንም ይተዉት» የሚል እንዳይኖር ቈርጫለሁ።

የጠፋው ይህ ነው።

የሃያ ስድስት ዓመት ቅዳሴ።

ከአርባ ሦስት የንስሐ ልጆች ሠላሳ አንዱ።

አንድ ስም።